አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይስ የሚያሸናው? የግፊት መድኃኒቶች ንጽጽር

«ከግፊት መድኃኒቶች የቱ ይሻላል?» መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ይህ ጥያቄ የማይነሳበት ቀን የለም። ብዙ ጊዜ ጥያቄውን የሚያመጣው የጎረቤት ምክር ነው። እሳቸው አንድ ክኒን ውጠው ግፊታቸው ወርዶላቸዋል፤ «ለአንቺም ይሆንሻል፣ እሱን ግዢ» ይላሉ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ለእሳቸው የተስማማው ክኒን የሌላውን ሰው ኩላሊት ወይም በማህፀን ያለ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል።

ዋና ዋናዎቹ የግፊት መድኃኒቶች ግፊት በማውረድ ብቻ ከተመዘኑ ብዙም አይበላለጡም። ልዩነቱ የሚወጣው በሚወስዳቸው ሰው ነው። ስኳር አለበት? ኩላሊቱ እንዴት ነው? አስም አለባት? ልጅ መውለድ ታስባለች? የደም ምርመራ በቀላሉ ያገኛል? ክኒኑ በሚኖርበት ከተማ ሁልጊዜ ይገኛል? ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ይህን የምጽፈው ራስዎ መርጠው እንዲገዙ አይደለም። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለብዎት እንዲያውቁ፣ የታዘዘልዎት ክኒንም ለምን እንደተመረጠ እንዲገባዎት ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት ቁጥሩ

በአገራችንም ሆነ በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ግፊት አለ የሚባለው የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ሲደርስ ነው፤ ያውም በተለያየ ቀን ተለክቶ። አሜሪካኖች ግን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መስመሩን ወደ 130/80 አውርደውታል። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለችው እህት በ134/84 «ግፊት አለብሽ» ስትባል፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ በዚያው ቁጥር «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል። የተሳሳተ ሐኪም የለም፤ የሚከተሉት መመሪያ ነው የተለያየው። እዚያም ቢሆን በዚህ ቁጥር ሌላ ችግር የሌለበት ሰው መጀመሪያ የሚታዘዝለት ጨው መቀነስና እንቅስቃሴ እንጂ ክኒን አይደለም።

አለካኩ ላይ ግን ብዙ ስህተት አለ። ሰው ታክሲ ተጋፍቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ገና እያለከለከ ክንዱን ይዘረጋል። የለበሰውን ሹራብ ሳያወልቅ ይለካል። እየተለካ ያወራል። ይህ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በትክክል ለመለካት አምስት ደቂቃ አርፈው ይቀመጡ። ጀርባዎ ወንበሩን ይደገፍ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ አይነባበር። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሽንትዎን ቀድመው ይሽኑ። ከመለካትዎ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩን ያለአግባብ ይጨምራል፤ ሰፋ ያለ ካለ ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ ይለኩና አማካዩን ይያዙ።

ቤት ውስጥ የሚለኩ ከሆነ በክንድ የሚታሰረው መሣሪያ በእጅ አንጓ ከሚታሰረው የበለጠ ይታመናል። ቤት ሲለካ መስመሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 135/85 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ግፊት የሚባለው። ነጭ ጋውን ሲያዩ ብቻ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች ስላሉ የቤቱ ቁጥር ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም አያሳምምም። «ማጅራቴን ሲይዘኝ ነው የማውቀው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ማጅራት በትራስም በድካምም ይያዛል። 170 ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው ሞልቷል። በስሜት እየተመሩ አንድ ቀን መዋጥ፣ ሦስት ቀን መተው ከሁሉም የከፋው አወሳሰድ ነው።

ቁጥሩ ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የዓይን ብዥታ ካለ የክኒን ምርጫ አይደለም የሚያስፈልገው። ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አምሎዲፒን

ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚታዘዘው ይህ ነው። የደም ስሮችን ግድግዳ በማላላት ይሠራል። በ5 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ካልበቃ ወደ 10 ከፍ ይላል። በቀን አንዴ ነው፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፣ የኩላሊት ምርመራ እየጠበቁ የሚጀምሩት አይደለም። ላቦራቶሪ በሌለበት ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ጥሩ ጎኑ ሰውነት ውስጥ መቆየቱ ነው። መጠኑ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ቀን ቢረሱት ግፊቱ ዘሎ አይወጣም። ለሚረሱ ሰዎች፣ ለአረጋውያንም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ሙሉ ኃይሉን ለማየት ሳምንት ሁለት ሳምንት መታገስ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው አይቀይሩት።

ችግሩ እግር ላይ ነው። ማታ ካልሲ ሲያወልቁ የላስቲኩ መስመር ጠልቆ ይታያል። ቁርጭምጭሚቱን ከአጥንቱ አጠገብ በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ጠዋት ጎድሎ ማታ ይመለሳል። በ10 ሚሊ ግራም ከ5 ይልቅ ይበዛል፣ በሴቶችም ይበረታል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት አለ። እግር ሲያብጥ ላሲክስ ይጨመራል። ላሲክስ ትርፍ ውኃ በሽንት ያስወጣል። የአምሎዲፒን እብጠት ግን ሰውነት ውኃ ስለያዘ የመጣ አይደለም፤ ከተላላው የደም ስር ፈሳሹ ወደ ሥጋ ስለሚሰርግ ነው። ስለዚህ ላሲክሱ እብጠቱን ሳያነሳ ፖታሲየም የተባለውን የደም ማዕድን ያወርዳል፣ ያደክማል፣ ለድካሙ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል። ትክክለኛው መንገድ መጠኑን ወደ 5 መመለስ፣ ወይም ከኢናላፕሪል ወይም ከሎሳርታን ጋር ማጣመር ነው፤ እነሱ አብረው ሲሆኑ እብጠቱ ይቀንሳል። ካልሆነም መቀየር ይቻላል። ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነና ካመመ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ትንፋሽ ካጠረ ግን ክኒኑ ላይ ሳያሳብቡ ቶሎ ይታዩ።

የፊት መጋል፣ ራስ ምታትና የድድ ማበጥም ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይለቃሉ።

ለእኛ ለአፍሪካውያን ይህ መድኃኒት ለምን ይመረጣል ለሚል በ2019 የታተመ ጥናት አለ። በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ 728 ሰዎች ላይ ሦስት ጥምረቶች ተወዳድረዋል። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱም ጥምረቶች አምሎዲፒን ከሌለበት ሦስተኛው በልጠው ግፊት አውርደዋል። ኢትዮጵያ ከአገሮቹ መካከል አልነበረችም፤ ቢሆንም ለእኛ ቅርብ ከሆኑት መረጃዎች አንዱ ነው።

የአምሎዲፒን ታላቅ ወንድም ኒፌዲፒን ነው። ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት ዛሬም ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር። ቶሎ የሚሟሟውን እንክብል ግን ግፊት ሲጨምር ከምላስ ሥር ማድረግ ድሮ የተለመደ ነበር። ግፊቱን በአንዴ ስለሚጥለው አንጎልና ልብ ደም አጥተው ስትሮክና የልብ ድንገተኛ ሕመም አምጥቷል። ቤትዎ ውስጥ «ለክፉ ቀን» የተቀመጠ ካለ አይጠቀሙበት።

የሚያሸናው፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ

ርካሽ ነው፣ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ ክብሩ ግን ከዋጋው ይበልጣል። ከ33,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነውን ክሎርታሊዶንን ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር አወዳድሮት ነበር። ርካሹ ክኒን ከውዶቹ አላነሰም። የልብ ድካምን በመከላከል እንዲያውም በልጧቸዋል።

መጠኑ ከ12.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ግፊቱ ብዙም አይወርድም፤ የሚጨምረው ጉዳቱ ነው። ጠዋት ይወሰዳል፣ ሌሊት ሽንት ቤት እንዳያመላልስ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽንት ይበዛል፣ በኋላ ይረጋጋል። ሽንቱ ሲረጋጋ «ሥራውን አቆመ» የሚሉ አሉ። አላቆመም።

የማይስማማው ለማን ነው? ሪህ ላለበት ሰው ዩሪክ አሲድ ስለሚጨምር ሌሊት በእግር አውራ ጣት ሕመም ሊቀሰቅሰው ይችላል። የስኳር መጠንን በትንሹ ከፍ ያደርጋል። ፖታሲየምና ሶዲየም ያወርዳል፤ ቀጫጭን አሮጊቶች ላይ የሶዲየሙ መውረድ አደገኛ ነው። እናት ክኒኑን በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ ግራ ከተጋቡ፣ ከተንገዳገዱ፣ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ደማቸው ይመርመር። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ኃይሉ ይቀንሳል።

ሙቀት አገር የሚኖሩም ልብ ይበሉ። አፋር፣ ድሬዳዋ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው በላብ የሚያጣው ውኃና ጨው አለ፤ ክኒኑ በዚያ ላይ ይጨምርበታል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘዎት ቀንም ለሐኪም ደውለው ለጊዜው ልተወው ወይ ብለው ይጠይቁ። ይህ ምክር ለኢናላፕሪልና ለሎሳርታንም ይሠራል።

ላሲክስ የዚህ ምትክ አይደለም። ሁለቱም ያሸናሉ፤ ላሲክስ ግን ሥራው ከስድስት ሰዓት ያህል አያልፍም። ቦታው የልብ ድካምና የደከመ ኩላሊት እብጠት ነው።

ኢናላፕሪልና ሎሳርታን

እነዚህን አንድ ላይ ያነሳኋቸው ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። ሁለቱም የደም ስርን የሚያጠብበውን አንጂዮቴንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይታገላሉ። ኢናላፕሪል እንዳይመረት ይከለክላል፤ ሎሳርታን ተመርቶ ሥራውን እንዳይሠራ ያግደዋል። በ«ፕሪል» የሚያልቁት፣ ሊሲኖፕሪልም ካፕቶፕሪልም፣ የኢናላፕሪል ወገን ናቸው። በ«ሳርታን» የሚያልቁት፣ ቫልሳርታንም ካንዴሳርታንም፣ የሎሳርታን ወገን ናቸው። የፕሪሎቹ መነሻ የብራዚል እባብ መርዝ ነው። በእባቡ የተነደፈ ሰው ግፊቱ ለምን እንደሚወድቅ ሲጠና የተገኘው ፍንጭ በ1981 ወደ ገበያ የወጣውን ካፕቶፕሪልን ወለደ።

ጉልበታቸው የሚታየው ስኳር ኩላሊቱን መንካት በጀመረበት ሰው ነው። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ እነዚህ ግፊት ከማውረድ ባሻገር ኩላሊቱን ይጠብቃሉ። ለልብ ድካምም የመጀመሪያ ተመራጭ ናቸው። ሌላ በሽታ ለሌለበት ጥቁር ሰው ግን ብቻቸውን ሲወሰዱ እንደ አምሎዲፒንና እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አይሠሩም። ቀደም ብዬ ባነሳሁት የአሜሪካ ጥናት ሊሲኖፕሪል የደረሳቸው ጥቁሮች ክሎርታሊዶን ከደረሳቸው ይልቅ ስትሮክ በዝቶባቸዋል። ይህ «አይጠቅሙም» ማለት አይደለም። ከአምሎዲፒን ጋር ሲጣመሩ ጥሩ ይሠራሉ።

እርስ በርስስ? ዋናው ልዩነት ሳል ነው። ፕሪሎቹ ከሚወስዷቸው ከአሥሩ አንዱን ያህል ደረቅ ሳል ያስሉታል። አክታ የለውም፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። በጀመሩ በሳምንቱም ሊመጣ ይችላል፣ ከወራት በኋላም። ሰው ከክኒኑ ጋር ስለማያገናኘው ሽሮፕ ይገዛል፣ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ የቲቢ ምርመራ ያደርጋል። ሁሉም ነጻ ነው፣ ሳሉ ግን አለ። ክኒኑ ሲቆም ሳሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ወደ ሎሳርታን መቀየር ነው። ሎሳርታን በዚህ አይታማም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ በአንዳንድ ቦታም እንደ ኢናላፕሪል በቀላሉ አይገኝም። ሪህ ላለበት ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ዩሪክ አሲድ በመጠኑ ያወርዳል።

ከሳሉ የሚከፋው ብርቅ ነው፣ ግን ይታወቅ። የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት ድንገተኛ እብጠት። በጥቁር ሰዎች ላይ ከሌላው ይበዛል። ምላስ ካበጠ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል ደቂቃ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ያንን ክኒንም ዳግመኛ አይንኩ። ለሌላ ሐኪም ሲታዩም «ይህ ደርሶብኛል» ብለው ይንገሩ።

ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ መውሰድ ክልክል ነው። የበለጠ ይጠቅማል ተብሎ በትልቅ ጥናት ተሞክሮ ኩላሊት ከመጉዳት በቀር የጨመረው የለም። ከሁለት ሐኪም ሁለት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ይህ ሊገጥመው ይችላል። ሁለቱም ፖታሲየም ስለሚጨምሩ ከጀመሩ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም መታየት አለበት። ከውጭ የሚመጣው «ጨው ምትክ» የሚባለው ዱቄትም ፖታሲየም ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይስማማም።

ለነፍሰ ጡር ሁለቱም አይሰጡም። የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። ልጅ የምታስብ ሴት ከመጀመሪያው ለሐኪሟ ትንገር፤ እየወሰደች ካረገዘችም ሳትደናገጥ ቶሎ ሄዳ ትቀይር።

አቴኖሎልና ቤተሰቡ

በ«ሎል» የሚያልቁት አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል የልብን ምት ያረጋጋሉ። ድሮ ለግፊት የመጀመሪያ ምርጫ ነበሩ። ዛሬ ለግፊት ብቻ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሰዋል፤ ስትሮክን እንደ ሌሎቹ አይከላከሉም። የልብ ድካም፣ የልብ ደም ስር ጥበት ወይም የምት መዛባት ካለ ግን ከመካከላቸው የሚስማማውን ሐኪሙ ይመርጣል። አስም ካለ አይሆኑም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ የልብ መምታቱ ስለሚደበቅበት ይጠንቀቅ። ድካም፣ የእጅ መቀዝቀዝና በወንዶች ላይ የስንፈተ ወሲብ ቅሬታ ይሰማል፤ ይህን ለሐኪም መናገር አያሳፍርም፣ ይቀየራል። በድንገት ማቆም አደጋ አለው። ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ስፒሮኖላክቶን ደግሞ ሦስት መድኃኒት ተወስዶ ግፊቱ እምቢ ሲል የሚጨመር አራተኛው ነው። ፖታሲየም ይጨምራል፤ ወንዶች ላይ የጡት ማበጥ ሊያመጣ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ለሆነች

እዚህ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ግን ግልጽ ነው። ሜቲልዶፓ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀው ኒፌዲፒንና ላቤታሎል። ሜቲልዶፓ ለብዙ ዓመታት የተፈተነ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መዋጡና ማንቀላፋቱ ይከብዳል። ከወሊድ በኋላ የመንፈስ ጭንቀት ሊያባብስ ስለሚችል በሌላ ይቀየራል። ከአምስተኛው ወር በኋላ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብልጭታ፣ ከጎድን በታች ሕመም ወይም የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዚያኑ ቀን መሄድ ነው።

አንዱን ማብዛት ወይስ ሁለት ማጣመር?

ብዙ ሰው ሁለተኛ ክኒን ሲታዘዝለት ይከፋዋል፤ በሽታው የባሰበት ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንዱን ክኒን በእጥፍ ከመጨመር ከሌላ ቤተሰብ ትንሽ መጠን ማከል ግፊቱን አምስት እጥፍ ያህል አብልጦ ያወርዳል። ጉዳቱም ያንሳል፤ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ከትንሽ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ጋር የሚወስድ ሰው 10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ከሚወስደው ይልቅ እግሩ የማበጥ ዕድሉ ያነሰ ነው። ሁለቱ በአንድ ክኒን ተዋህደው የተሠሩም አሉ። ዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው ይመርጣቸዋል፣ ምክንያቱም አንድ ክኒን መዋጥ ከሁለት ይቀላል። ከመጀመርዎ በፊት ግን በየወሩ ይገኛል ወይ፣ አቅምስ ይፈቅዳል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለቱን ለየብቻ መግዛት የሚረክስበት ጊዜ አለ።

ጠዋት ወይስ ማታ? በእንግሊዝ ከ21,000 በላይ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2022 ወጥቷል። ልዩነት የለውም። የሚያሸናውን ጠዋት፣ ሌላውን በማይረሱት ሰዓት። ጠዋት ጥርስ ሲቦርሹ ከሆነ ጠዋት፣ ከማታው ዜና ጋር ከሆነ ማታ።

ከሻንጣ የመጣና ከስትሪፕ የተቆረጠ

ውጭ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው መድኃኒት ይልካሉ። ደግ ሥራ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲያልቅ ነው። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የመጣው ማሸጊያ ላይ በትልቁ የተጻፈው የፋብሪካው ስም ነው፤ አባት ያንን ስም ይዘው መድኃኒት ቤት ሲጠይቁ «የለም» ይባላሉ፣ ሳምንት ያለ ክኒን ይሰነብታሉ። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው አምሎዲፒን የሚለው ስም ግን መደርደሪያው ላይ ሞልቷል። ስለዚህ የምትልኩ ልጆች፣ የመድኃኒቱን ዋና ስምና ሚሊ ግራሙን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካርቶኑ ላይ ለጥፉላቸው። ከመላካችሁ በፊትም እዚህ የሚገኝ ዓይነት መሆኑን አጣሩ። ግፊት የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው፤ ለሦስት ወር የሚሆን ምርጥ ክኒን ከዚያ በኋላ ካልቀጠለ አይጠቅምም።

እዚህም ክኒን በፍሬ ሲገዛ ስትሪፑ በመቀስ ይቆረጣል። የመጠቀሚያ ቀኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሚታተም የደረሰዎት ቁራጭ ላይ ላይኖር ይችላል። ሲረከቡ ስሙን፣ ሚሊ ግራሙንና ቀኑን ፖስታው ላይ እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ። አምሎዲፒን 5 እና 10 በመልክ የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ፤ ፋብሪካው ሲቀየርም የክኒኑ ቀለም ይቀየራል። ግራ ከገባዎት ከመዋጥዎ በፊት ይጠይቁ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ፋርማሲ ይሞክሩ። እዚያ ከጠፋ አዲስ አበባ ላይ ከነማና ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል።

መድኃኒቱን የሚያሸንፉት

ክኒኑ ጥሩ ሆኖ ግፊቱ የማይወርድበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌላ ክኒን ነው። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም በየቀኑ የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፣ የኢናላፕሪልን፣ የሎሳርታንንና የሚያሸናውን ሥራ ያዳክማሉ። ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ሊያቆሙ ይችላሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖችና አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎችም ግፊት ያወጣሉ። ጫትና መጠጥም እንደዚያው።

ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይባላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የእኛ ጨው የሚደበቀው በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ውስጥ ሲዘጋጁ ከሚጨመረው ጀምሮ ነው። ሽሮው ተዘጋጅቶ ጨው ካለበት ድስቱ ላይ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። በርበሬ ስታስፈጩ ጨው ሳይገባ አስፈጭታችሁ ወጡ ላይ ብቻ ብትጨምሩ ምን ያህል እንደምትበሉ ታውቃላችሁ።

ጾምና ጸበል ላይ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጣል። አምሎዲፒንም ኢናላፕሪልም በባዶ ሆድም ሊወሰዱ ይችላሉ፣ በቀን አንዴ የሚሆነውን ደግሞ ከጾም ሰዓት ውጭ ማድረግ ይቻላል፤ ለረመዳንም ይኸው ነው፣ በኢፍጣር ወይም በሱሁር። ጸበል የሚጠመቁ ሰዎች ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረዋል፤ ለግፊት ክኒንም የሚከለክል ምክንያት አይታየኝም። ነጭ ሽንኩርቱና ሽፈራው ከምግብ ጋር ይብሉ፣ ክኒኑን ግን አይተኩትም። «ግፊቴ 120 ሆነ፣ ተፈወስኩ» ብለው ሲያቆሙም የሚመለሰው ያው 160 ነው፤ 120 የሆነው ክኒኑ ስላለ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

የሚወስዱትን ሁሉ፣ የሕመም ማስታገሻውንም የባህል መድኃኒቱንም፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ቤት የለኩትን ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጽፈው ያሳዩ። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦ ይህ ክኒን ለእኔ ለምን ተመረጠ? የደም ምርመራ ያስፈልገዋል? መቼ? ብረሳው ምን ላድርግ? ግቤ ስንት ነው? ለአብዛኛው ሰው ግቡ ከ140/90 በታች ነው፤ ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የልብ በሽታ ካለ የላይኛው ቁጥር ከ130 በታች ይፈለጋል። በጣም ያረጁና ሲነሱ የሚያዞራቸው ሰዎች ግብ በሐኪሙ ይላላል። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ይታዩ፤ ቁጥሩ ግቡ ላይ ሲረጋ ቀጠሮው ወደ ሦስትና ስድስት ወር ይራዘማል። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ፤ ከበዓል በፊት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲቀረው።